እየሞላ የከሰረው ሆቴል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች ቤቴ ድረስ እየመጡ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ጋሽ ተስፋው፣ ይኸ ሥራ ያዋጣል?» ይላሉ። አንዱ በግቢው ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ያስባል፤ ሌላዋ ለገና ነጠላና ጋቢ አከማችታ ልትሸጥ ትፈልጋለች። ከዕድሜዬ አብዛኛውን እዚህ ላሊበላ የሆቴል ሒሳብ ስሠራ ስለኖርኩ መልሱ በእጄ ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አስቀምጫቸው፣ የሚጠጣ ነገር አቅርቤ፣ ወሬ እቀይራለሁ። ባለቤቴ በዚህ ታዝንብኛለች። «የምታውቀውን ብትነግራቸው ምን ይጎድልብሃል?» ትለኛለች። እኔ ምንም አይጎድልብኝም። የማውቀውን አንድ ጊዜ ለአንዲት ሴት አንድም ሳልሳሳት ነግሬ፣ ከዚያ የሆነውን ስላየሁ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ኮን ከተማ ነው፤ መንግሥት በተለወጠ ማግስት። ደሴ በማታ ትምህርት የሒሳብ አያያዝ ተምሬ ወደ አገሬ ስመለስ የገበሬዎች ማኅበር ሱቅ ጸሐፊ ይፈልግ ነበር። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ተቀጠርኩ። የሱቁ ኃላፊ አቶ ሰይድ ይባላሉ። በወጣትነታቸው በበቅሎ እህል ሲነግዱ የኖሩ፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ንግግራቸው የረጋ ሰው ነበሩ። እኔ ሥራ የምለው ነገር ካለ ከእሳቸው የተማርኩት ነው።

ገበሬ ባቄላ ይዞ ሲመጣ አቶ ሰይድ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ሰውየውን ትተው ጆንያውን ነው የሚያዩት። እጅጌአቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርን ድረስ ጆንያው ውስጥ ይሰዱታል። ከሥር የዘገኑትን አውጥተው ያሸታሉ። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሞክሯታል። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርቃለች፤ ከተጨፈለቀች እርጥበት ይዛለች ማለት ነው። «እርጥበቱም አብሮ ተመዘነ እኮ» ይሉኛል በሹክሹክታ። «መጋዘን ውስጥ ሲደርቅ የጎደለውን ለማን እንሸጠዋለን? ለነፋስ?»

ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት ደግሞ አሥር የባቄላ ፍሬ ባንኮኒው ላይ ይደረድራሉ። አሥሩ ፍሬ የምንሸጥበት ዋጋ ነው። «ይኸ የገበሬው» ብለው ስድስቱን ወደ ግራ ይገፋሉ። «ይቺ የአህያ ኪራይ። ይቺ የጆንያና የአይጥ። ይቺ የእኔና ያንተ እንጀራ።» አንዲት ፍሬ ብቻዋን ትቀራለች። ጣታቸውን እሷ ላይ አሳርፈው፣ «ትርፋችን ይቺ ናት» ይላሉ። «ገዢው ‹ቀንስልኝ› ሲልህ ከአሥሩ ላይ የምትቀንስ ይመስልሃል። ወላሂ ከዚችው ነው የምትቀንሰው። ገበሬው የወሰደውን አይመልስልህም፤ አህያውም አይመልስም።»

አንድ ቀን የስኳር ሽያጭ ሠርቼ ኩራት ኩራት እያለኝ፣ «በሰማንያ ገዝተን በመቶ ሸጥን፤ ሃያ አምስት በመቶ አተረፍን» አልኳቸው።

«ሃያ አምስት ከምን ላይ?»

«ከገዛንበት ላይ ነዋ።»

«የገዛንበት አልፏል። ሰው የሚደራደርህ በምትሸጥበት ነው። ከመቶው ስንት ቀረ?»

«ሃያ።»

«እንግዲያው ሃያ በል። ሃያ አምስት አለኝ እያልክ ለአንዱ ሃያ አምስት ብትቀንስለት ከቤትህ አምጥተህ ነው የምትሞላው።»

ደሴ አስተማሪያችን «የትርፍ ኅዳግ» ይለው የነበረው ይህንኑ ነው። ቃሉን ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

የአቶ ሰይድ ዕውቀት ሱቁን አላዳነውም። ከእሳቸው በላይ የተሾመ አንድ አለቃ አባላቱን ለማስደሰት ዘይቱንና ስኳሩን በገዛንበት ዋጋ እንድንሸጥ አዘዘ። አቶ ሰይድ የባቄላ ፍሬአቸውን ደርድረው አሳዩት። አለቃው ሳቀ። «እኛ ነጋዴ አይደለንም፤ ለሕዝብ ነው የቆምነው» አለ። ሱቁ በቀናት ውስጥ ጸዳ፤ ሰውም መረቀን። ሌላ ዕቃ የምናመጣበት ገንዘብ ግን አልነበረም። መጋዘኑ ባዶውን ከረመና ተዘጋ። አቶ ሰይድ ቁልፉን ያስረከቡ ዕለት አልተቆጡም፤ አላማረሩም። የመጋዘኑን ወለል ጠርገው፣ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሄዱ። ከዓመት በኋላ መሞታቸውን ሰማሁ። ለቀብራቸው አልደረስኩም።

ሙጃ በምትባል ከተማም ጥቂት ዓመት የእህል ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሊቀ መንበሩ የተሸጠውን ሁሉ ትርፍ ነው እያለ ስብሰባ ላይ ያነብ ነበር። እኔም ማረም ሰልችቶኝ ዝም ማለት ለመድኩ። ከዚያ ነው ወደ ላሊበላ የመጣሁት።

ወይዘሮ ብርቄ፣ እኔ እትዬ ብርቄ የምላቸው፣ የቤተ ክህነት ልጅ ናቸው። አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ከውቅር ቤተ ክርስቲያናቱ በአንዱ ያገለገሉ ካህን ነበሩ። ባላቸው በወጣትነታቸው ስለሞተባቸው፣ ከአባታቸው በወረሱት ግቢ የገና ተሳላሚ እያሳደሩ ኖሩ። ድርቆሽ ያነጥፋሉ፣ ውኃ ያቀርባሉ፣ ሰው የሰጠውን ይቀበላሉ። ኋላ ከተማው ውስጥ ሆቴል በሆቴል ላይ ሲሠራ፣ ታናሽ ወንድማቸው መላኩ «እኛስ?» አላቸው። መላኩ አስጎብኚ ነበር፤ ከፈረንጅ ጋር ሲውል ሲያድር አፉ ተፈትቷል፣ ደግ ልጅም ነው። ግቢያቸውንና መኖሪያ ቤታቸውን ለባንክ አስይዘው ተበደሩ። የአገሩ ድንጋይ ተጠርቦ፣ ሰገነት ወጥቶለት፣ ቁልቁል ሸለቆውን የሚያይ ያማረ ሆቴል ተሠራ። መላኩ ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ሒሳብ ሹም ሆንን።

መጀመሪያ የሠራሁት የአንድ ክፍል የአንድ ሌሊት ወጪ ስንት እንደሆነ ማወቅ ነበር። ይህን የሚነግር ደረሰኝ የለም፤ እየዞሩ ማየት ነው። አንሶላ ከሚያጥቡት ሴቶች ጋር ቆሜ አንድ ሳሙና ስንት አንሶላ እንደሚያነጣ አየሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሥር ተቀምጬ ናፍጣው ሲወርድ ጠበቅሁ። ውኃ በቦቴ ሲመጣ ከበርሜሉ ወደ ክፍሎቹ እስኪሄድ ተከተልኩት። ከወልድያ ጭነን ከምናመጣው ቲማቲም መንገድ ላይ የሚፈርጠውን ለየሁ። የሠራተኛውን ደመወዝና የባንኩን ዕዳ ለሌሊቶቹ አከፋፈልኩ። ብሩ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ወደ መቶ አምጥቼ ልናገር፤ መቶ ብር ከምናስከፍልበት ክፍል ሰማንያው ወጪ ነበር። ሃያ ይቀረናል። አጉል አይደለም፤ ክረምቱን ያሻግራል።

የመጀመሪያው ገና ሞላ። ከገና በኋላ ግን ከተማው ይቀዘቅዛል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃና ጉም ብቻ ነው። ክፍሎቹ ተዘግተው ሲያድሩ እትዬ ብርቄ መጋረጃዎቹን እያነሱ ያያሉ፤ ሰው እንደሞተበት ቤት። በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ አንድ የጉዞ ወኪል መጣ። ሸጋ ለባሽ፣ ትሑት ሰው ነው። «ከለጠፋችሁት ዋጋ ላይ ሃያ አምስት በመቶ ቀንሱልኝ፤ ቁርሱም እንደተለመደው በዚያው ውስጥ ይሁን። መኪኖቼ ሁሉ እዚህ ይቆማሉ» አለ።

መላኩ በደስታ ዘለለ። «እትዬ፣ ተገላገልን! በወጪያችን ላይ ሃያ አምስት በመቶ ጨምረን ነው የምናስከፍለው። እሱን ለሰውየው ብንሰጠው እኩል በእኩል ነን። ክፍሉ ግን ይሞላል።»

«አይደለንም» አልኩት። «እኛ የጨመርነው በሰማንያው ላይ ነው፤ ሃያ ብር። እሱ የሚወስደው ከመቶው ላይ ነው፤ ሃያ አምስት ብር። እንግዳ በመጣ ቁጥር አምስት ብር ከኪሳችን እንጨምርለታለን።»

«አምስት ብር!» አለ መላኩ እየሳቀ። «ባዶ ከሚያድር አይሻልም?»

ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ አልፈነው እንጂ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነበር። እትዬ ብርቄ አንዴ ወንድማቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ተስፋው፣ አንተ ነገር ታበዛለህ» አሉ። «ቤት ሠርቶ እንግዳ እንቢ ማለት የለም።» ውሉ ተፈረመ።

እውነትም ሞላን። መኪኖቹ ተከታትለው ይገባሉ፤ ጣሊያኑ፣ ጀርመኑ፣ ጃፓኑ ሰገነቱ ላይ ተሰልፎ ሸለቆውን ፎቶ ያነሳል። እትዬ ብርቄ ነጭ ለብሰው በር ላይ ይቀበላሉ። በከተማው ያላመሰገናቸው ሰው አልነበረም። በሰርግ በለቅሶ የክብር ቦታ ይለቀቅላቸው ጀመር። በዚያ ሁለት ዓመት ሲስቁ ያየሁትን ያህል ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየኋቸውም። እኔ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ደጋግሜ እደምር ነበር። ሳንሞላ ሲቀር እንከስራለን፤ ስንሞላም እንከስራለን። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ለባንኩ የሚከፈለው አልሞላ አለ።

እትዬ ብርቄ ልብስ ማጠቢያው ዘንድ ጠሩኝ። የታጠቡ አንሶላዎች ገመዱ ላይ ይርገበገባሉ።

«ቤቴ ሞልቶ እጄ ባዶ የሆነው ለምንድን ነው?» አሉኝ። «ሌባ አለ?»

«የለም፣ እትዬ። አንድም የሰረቀ ሰው የለም።»

«እንግዲያ ገንዘቡ የት ይገባል?»

ከእንግዳ መቀበያው አሥር የክፍል ቁልፍ አምጥቼ ድንጋይ ላይ ደረደርኩላቸው፤ አቶ ሰይድ እንደሚያደርጉት። ስምንቱን ለሳሙናው፣ ለናፍጣው፣ ለውኃው፣ ለደመወዙ፣ ለባንኩ ገፋሁ። ሁለት ቀረ። «የእርስዎ ይኸ ብቻ ነው። የትርፍ ኅዳግ ይባላል። ወኪሉ የሚወስደው ግን ሁለት ተኩል ነው» አልኳቸው።

«ኅዳግ?» አሉ። «ኅዳግ የመጽሐፍ ዳር አይደለም ወይ? አባቴ ብራና ሲያዘጋጁ ዳር ዳሩን ባዶ ይተዉት ነበር።»

«አዎ፣ የዚያ ዓይነት ነው። የሚተርፍ ዳር።»

ሁለቱን ቁልፎች አንስተው በመዳፋቸው ያዟቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር እያየሁት ጠፋ። «ታዲያ እኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በር ላይ ቆሜ ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› ስል የነበረው ለኪሳራዬ ነው?»

ስምንቱን ቁልፍ ሰበሰብኩ። «ምን ይሻላል?» አሉኝ። ከአሥራ አምስት በመቶ በላይ እንዳይቀንሱ መከርኳቸው። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ዛሬም ደግሜ ብሠራው ያው ነው የሚመጣው።

እሳቸው በአንድ ነገር ሲያምኑ በሙሉ ልብ ነው። መላኩን አሳመኑት። ባለሆቴሎቹን አንድ በአንድ እየዞሩ ለምነው ሰበሰቡ፤ ሁሉም በዚያው ችግር ውስጥ ነበሩ። «ከአሥራ አምስት በላይ የሚቀንስ ከመካከላችን ይለይ» ተባለ፣ ተማማሉ፣ ተመራርቀው ተለያዩ። ያን ቀን መላኩ «ጋሽ ተስፋው፣ ከተማውን አዳንከው» ብሎ አቀፈኝ። እኔም ለአንድ ሰሞን አመንኩት።

እትዬ ብርቄ ለወኪሉ ስልክ ደወሉለት። አልተቆጣም። «ገባኝ እትዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት መኪኖቹ በበራችን አልፈው ሽቅብ ወጡ። ከተማማሉት አንዱ ተቀብሏቸዋል። ማን ቀድሞ እንዳፈረሰው ብዙ ተባባሉ እንጂ አልተለየም፤ ወር ሳይሞላ ሁሉም ወደ ሃያ አምስቱ ተመለሰ። ከእኛ በቀር።

ያኔ ነው «ባዶ ከሚያድር አይሻልም?» ያለው የመላኩ ጥያቄ የተመለሰብኝ። ሰማንያ ብር ያልኩት ወጪ ሳሙናና ቁርስ ብቻ አይደለም። ደመወዝ አለበት፤ የባንክ ዕዳ አለበት። እንግዳ ሲቀር ሳሙናው ይቀራል፤ ባንኩ ግን አይቀርም። ሲሞላ በትንሽ በትንሹ የሚያደማን ሆቴል ባዶውን ሲያድር ደሙ ይጎርፍ ጀመር። ይህን አላውቅም ነበር ልል አልችልም፤ ተምሬዋለሁ። ግን ሌሎቹ ቃላቸውን ይጠብቃሉ ብዬ ነበር። ሰው ቃሉን መጠበቁን የሚያሰላ ሒሳብ የለም።

መላኩ በር ላይ መቆም አበዛ። የመኪና ድምፅ ሲሰማ ሸሚዙን ያስተካክላል፤ መኪናው ሲያልፍ ወደ ውስጥ ይገባል። የምግብ ቤቱን ሁለት ሴቶች አሰናበትን። አንደኛዋ ስትሄድ እግሬ ላይ ልትወድቅ ቃጣት፤ ደጋግፌ አነሳኋት። በመጨረሻ እትዬ ብርቄ፣ «ያን ሰው መልሰህ ጥራልኝ» አሉኝ።

ደወልኩለት። እንደ ቀድሞው ትሑት ነው። «እትዬን በጣም ነው የማከብራቸው» አለኝ። «ግን አሁን ብዙ ሆቴል አለኝ፤ ከሠላሳ በታች አልችልም።»

ነገርኳቸው። ቁልፍ አልደረደርኩም፤ አያስፈልግም ነበር። «አምስቱ ዛሬ አሥር ሆነ ማለት ነው» አሉ። «አዎ» አልኩ። «ባዶ ከሚያድርስ?» «ባዶ ከሚያድር ይሻላል።» «እንግዲያ እሺ በለው።» አወቁት። እኔ እንደማውቀው አወቁት፤ ዕውቀቱ ግን የሚወጡበት በር አልሆናቸውም፤ የሰጣቸው የሚዘጋባቸውን በር ማየት ብቻ ነው።

መኪኖቹ ተመለሱ። እትዬ ብርቄም በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲሉ ግን ድምፃቸው አይወጣም። አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ሸለቆውን ወዶት «አንድ ሌሊት ልጨምር?» ብሎ ሲጠይቅ ወደ እኔ ዞረው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። ቀጥሎ ባለው ዓመት በአገሩ ብጥብጥ አለ ተባለና ፈረንጁ ቀረ፤ የእኛም የሌላውም ሆቴል ጭር አለ። ሌሎቹ ዕዳቸው ቀለል ያለ ስለነበር ቆዩ። የእኛን ባንኩ በጨረታ አወጣው፤ ሆቴሉም መኖሪያ ቤታቸውም አብሮ።

የገዛው ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ ነው፤ የተሠራበትን ግማሽ ያህል ብቻ ከፈለ። እኔን «ሥራህን ቀጥል» አለኝ። ልጆቼ ገና ተማሪዎች ነበሩ፤ ቀጠልኩ። ለዚያው ወኪል፣ በዚያው ሠላሳ በመቶ ቅናሽ መሥራት ጀመርን። ከዓመት በኋላ ፈረንጁ ሲመለስ ሒሳብ ሠርቼ አቀረብኩ፤ ሁሉም ተቀንሶ ከምናስገባው አሥራ ስምንት በመቶ ይተርፋል። ግድግዳው ያው፣ አንሶላው ያው፣ ሸለቆው ያው። የእትዬ ብርቄ ዕዳ ብቻ ከወጪው ውስጥ የለም። አዲሱ ባለቤት ወረቀቱን አይቶ፣ «ጎበዝ! እንዲህ ነው ሒሳብ ሹም» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያን ቁጥር ስንት ዓመት ስፈልገው ኖሬያለሁ። ውጭ ወጥቼ ማጠቢያው አጠገብ ቆምኩ። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ፤ ትርፉም አልጎደለም።

መላኩ አዲስ አበባ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ሄዶ ቀረ። አንዳንዱ ዓረብ አገር ተሻገረ ይላል፤ አንዳንዱ ሌላ ይላል። እትዬ ብርቄ ሙጃ፣ የእኅታቸው ልጅ ዘንድ ሄዱ። እኔ ልጠይቃቸው ሳስብ፣ ሳፍር፣ ዓመታት ሄዱ። ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል ግን አላስቀምጥ አለኝና በገበያ ቀን ተሳፍሬ ሄድኩ።

ገበያው ዳር፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ሻይና አምባሻ ሲሸጡ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ግን ወዲያው ነው ያወቁኝ። ተሳሳምን። ድንጋይ ጠርገው አስቀመጡኝ፤ ሻይ ቀዱልኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስለ ባለቤቴ ጠየቁኝ። ሆቴሉ እንዴት እንደሆነ አልጠየቁኝም። ገዢ ሲመጣ ይነሳሉ፤ ሲሄድ ይመለሳሉ።

«ብዙ ጊዜ ላገኝዎት ፈልጌ…» ስል አቋረጡኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ተስፋው። እውነቱን ነው የምትነግረኝ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ያኔ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ፣ ባትነግረኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

ለመዋሸት አስቤ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም። «ያው ነበር፣ እትዬ» አልኳቸው። «መሸጡ አይቀርም ነበር። ምናልባት ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይቆይ ነበር።»

«ሁለት ዓመት» አሉ። የሻይ ብርጭቆውን በጨርቅ ያደርቁ ጀመር፤ ደርቆም ያደርቁታል። «አየህ፣ ሒሳብህን አልጠላሁትም፤ ልክ ነው። ግን እኔ ያችን ሁለት ዓመት ነበር የምፈልጋት። ሳላውቅ። ቤቴ ሞልቶ፣ ነጭ ለብሼ፣ በር ላይ ቆሜ።»

ከእኔ ጀርባ አንድ ጨው ነጋዴ አህዮቹን አቁሞ አምባሻ ጠየቀ። እትዬ ብርቄ ተነሱ፣ ትልቁን መረጡ፣ ቆረሱለትና ዋጋውን ነገሩት። ሰውየው፣ «እናቴ፣ ይቀንሱልኝ» አላቸው።

«እሺ ልጄ» አሉት።